ነፋስ አይከሰስም

ሰው መከራ ሲደርስበት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህን ማን አደረገብኝ?» ብሎ ነው። ገንዘቡ ቢጠፋበት ሌባውን ይፈልጋል፤ ድንበሩ ቢገፋበት ጎረቤቱን ይከሳል፤ ልጁ ቢታመምበት የክፉ ሰው ዐይን አየው ይላል። ተከሳሹን ካገኘ በኋላ ኀዘኑ ባይጠፋለትም እንኳ ማረፊያ ያገኛል። ነገር ግን ያጠፋው ነፋስ የሆነ እንደሆነ ምን ይደረጋል? ነፋስ መጥሪያ አይደርሰውም፤ ዋስ አይጠራም፤ ከዳኛ ፊት ቆሞ አደረግሁ ወይም አላደረግሁም አይልም። ነፍሶ ያልፋል፤ በማግሥቱም ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ፀሐይ ትወጣለች።

የምንኖርባት አገር በደጋዋ ከፍታ ስለተጠበቀች ይህን ዓይነቱን ነፋስ አብዛኞቻችን በወሬ እንጂ በዐይን አናውቀውም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያሉ ሕዝቦች ሀሪኬን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያሉት ደግሞ ሳይክሎን ብለው የሚጠሩት ታላቁ ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው በሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ውሃ ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ሲደርስ እርጥብና ሞቃት አየር ከላዩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በእርሱም ስፍራ ለመተካት ሌላ አየር ከየአቅጣጫው ይሮጣል፤ ምድር ስለምትዞር ግን የሚሮጠው አየር ቀጥ ብሎ አይገባም፤ እየተጠማዘዘ እንደ እንዝርት ይሾራል። ባሕሩ ሙቀት እስከ መገበው ድረስ እየበረታ ይሄዳል፤ ወደ የብስ በገባ ጊዜ ምግቡን ያጣና ይደክማል። ሳይደክም በፊት ግን በባሕሩ ዳር ያለውን ሁሉ ያገኛል። ከነፋሱም ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያመጣው ባሕር ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ሊከሰስ የማይችል ኃይል ሰውን በፈጀ ጊዜ ከሰው ወገን የሚጠየቅ አለን? ካለስ የሚጠየቀው ስለ የትኛው ሰዓት ነው? ነፋሱ ስለሚነፍስበት ሰዓት ነውን ወይስ ነፋስ ስለሌለበት ሰዓት? ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር አንዲት ከተማ ለምስክርነት እንጠራለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋልቬስተን በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በአንዲት ረጅምና ጠባብ የአሸዋ ደሴት ላይ የተሠራች የወደብ ከተማ ናት። በ1900 ወደ 38 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ነበራት። የቴክሳስ ጥጥ ከእርሷ እየተጫነ ወደ ዓለም ይሄድ ስለ ነበር ነጋዴዎቿ ባለጸጎች፣ ቤቶቿም ያማሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከምድሯ ሁሉ ከፍ ያለው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር።

ከእርሷ በስተደቡብ ምዕራብ ኢንዲያኖላ የምትባል ሌላ የወደብ ከተማ ነበረች። በ1875 ዐውሎ ነፋስ መታት፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ የተረፉት መልሰው ሠሯት። በ1886 ለሁለተኛ ጊዜ በመታት ጊዜ ግን ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ፤ ዛሬ በዚያ ስፍራ ከተማ የለም። የጋልቬስተን ሰዎች የጎረቤታቸውን ጥፋት አይተው ደነገጡ። ታላላቆቹ ነጋዴዎች ተሰብስበው በባሕሩ ዳር መከላከያ ግንብ እንዲሠራ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ቀኖች አለፉ፤ ባሕሩ ጸጥ አለ፤ ጥጡም እንደ ወትሮው መጣ፤ ግንቡ ሳይሠራ ቀረ።

በ1891 ደግሞ በከተማዋ የነበረው የመንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሚስተር አይዛክ ክላይን፣ በአገሩ ጋዜጣ ላይ ጽፈው፣ ጋልቬስተን በዐውሎ ነፋስ ክፉኛ ትጎዳለች ብሎ መፍራት ከንቱ ቅዠት መሆኑን ለሕዝቡ አስረዱ። እኒህ ሰው መሐይም አልነበሩም። የሕክምናን ትምህርት የተማሩ፣ የአየርን ጠባይ መመርመር ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ፍቅራቸውም የነበረ ትጉህ ሠራተኛ ነበሩ። የተማረ ሰው ስሕተት ካልተማረ ሰው ስሕተት ይልቅ የሚያስፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሐይም ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ የተማረ ቢሳሳት ግን ያመኑት ሁሉ አብረውት ይወድቃሉ።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱም የከፋ ነው። በ1900 ኩባ በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። በሃቫና ከተማ ቤሌን በተባለው ኮሌጅ የነበሩት ኢየሱሳውያን ካህናት ዐውሎ ነፋስን በመመርመር ለብዙ ዓመታት የታወቁ ነበሩ። የዋሺንግተኑ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ግን የኩባ ተመልካቾች ሕዝብን በከንቱ ያስደነግጣሉ በማለት ስለ አየር ጠባይ የሚልኩት ቴሌግራም እንዲታገድ አስደረገ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነፋሱ ኩባን አልፎ በሄደ ጊዜ የኩባ ሰዎች ወደ ምዕራብ ወደ ቴክሳስ እያመራ ነው አሉ፤ የዋሺንግተን ሰዎች ወደ ፍሎሪዳ ይታጠፋል አሉ። ትክክለኛው ቃል ከትንሽ አገር አፍ ስለ ወጣ ጆሮ አጣ። እውነት የተናጋሪዋን ማዕርግ አትጠይቅም፤ ሰዎች ግን ይጠይቃሉ።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ጠዋት የባሕሩ ውሃ ወደ ዝቅተኞቹ መንገዶች መግባት ጀመረ። ነፋሱ ከሰሜን ይነፍስ ስለ ነበር ባሕሩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ባሕሩ ግን ነፋሱን እየተቃወመ ከፍ አለ። ልጆች በየመንገዱ በሞላው ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቁ ይጫወቱ ነበር። ከቀትር በኋላ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኙት ድልድዮች በውሃ ተዋጡ፤ መሸሻ ጠፋ። ወደ ማታ የነፋስ መለኪያው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከመዘገበ በኋላ ራሱ ተነቅሎ ተወሰደ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውሃው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ በመጨረሻም ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ሆኖ ከተማዋን ሸፈናት። ከ3,600 በላይ ቤቶች ጠፉ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ ይገመታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 8 ሺህ ነው።

የሚስተር ክላይን ቤት ጠንካራ ስለ ነበረ ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ተጠግተውበት ነበር። በማዕበሉ እየተገፋ የመጣ ፍርስራሽ ቤቱን መትቶ ገለበጠው፤ ከመካከላቸው የተረፉት 18 ያህል ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸውም ከሞቱት አንዷ ሆኑ። ከከተማዋ በስተምዕራብ በባሕሩ ዳር በነበረው የቅድስት ማርያም የሙት ልጆች ማሳደጊያ ደግሞ መነኮሳይቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ቆራርጠው ሕፃናቱን ከወገባቸው ጋር አሰሩ። አንድም ልጅ እንዳይጠፋባቸው ነበር። ሕንጻው ሲፈርስ 10 መነኮሳይትና 90 ልጆች ሞቱ፤ የተረፉት ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው መልስ፣ ይህ የኃጢአት ዋጋ ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች በገመድ ከታሰሩት 90 ሕፃናት ፊት ቆመው ቃላቸውን ቢደግሙት እንወዳለን። ወላጅ የሌለውን ልጅ ከወገቧ ያሰረችው ሴት ስለ የትኛው በደሏ እንደ ተቀጣች ማን ሊነግረን ይችላል? የፈጣሪን ፍርድ እናውቃለን ማለት ትሕትና ሳይሆን ድፍረት ነው። ደግሞም ይህ መልስ ለተረፈው ሰው የተመቸ ነው፤ ሟቹ በኃጢአቱ ሞተ ካልን እኛ የተረፍነው በጽድቃችን ነው ማለታችን ነውና።

ሁለተኛው መልስ፣ ነገሩ ሁሉ ዕድል ነው፤ ተፈጥሮ ዐይን የላትም፤ የሚጠየቅ የለም የሚል ነው። ይህ ከፊተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ቢያንስ ሟቹን አይሰድብም። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በ1755 የፖርቱጋል ከተማ ሊዝበን በምድር መናወጥ በጠፋች ጊዜ የፈረንሳዩ ሊቅ ቮልቴር በፍጥረት ሥርዓት ላይ ምሬቱን በግጥም አሰማ። ዣን ዣክ ሩሶ ግን በ1756 በላከለት ደብዳቤ፣ በዚያ ስፍራ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ቤቶችን በሺህ የሚቆጠር ብዛት ያከማቸችው ተፈጥሮ አለመሆኗን አሳሰበው። የሩሶ ቃል ያዘነውን ሰው የሚያጽናና አይደለም፤ ሆኖም ክርክሩን ከሰማይ ወደ ምድር አውርዶታል። ነፋሱ የተፈጥሮ ነው፤ ደሴቲቱ ያለ ግንብ መቅረቷ ግን የሰው ነው። ባሕሩ የተፈጥሮ ነው፤ የታገደው ቴሌግራም ግን የሰው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን መለየት የዚህ ሁሉ ምርመራ ፍሬ ነገር ነው።

በዚያች ሌሊት በጋልቬስተን ጀግንነት አልጠፋም። ሰዎች የማያውቋቸውን ሰዎች በመስኮት ጎትተው አስገብተዋል፤ በሳንቃ ላይ ተንሳፍፈው ሌላውን ደግፈዋል። መከራ በደረሰበት አገር ሁሉ ይህን የመሰለ ነገር ይገኛል። የሚያስመሰግን መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን ከሚታሰበው ይልቅ ብዙ ነው። የሰው ልጅ ሌላው ሰው ከዐይኑ ፊት ሲሰጥም እያየ እጁን ሳይዘረጋ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያልቀው፣ የሚጎድለው፣ በገበያ የማይገኘው ሌላ ዓይነት በጎነት ነው፤ ይኸውም በጠራ ሰማይ ሥር የሚሠራው ነው። በሌሊቱ ማዕበል ውስጥ የሚያዝዘን ሞት ነው፤ ትእዛዙም ስለማይሻር እንታዘዛለን። በጠራ ቀን ግን የሚያዝዘን የለም። ራሳችን ራሳችንን ልናዝዝ ይገባናል፤ ይህም ለሰው ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው።

ለምን ከበደ ብንል ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለሚመጣ አደጋ የሚዘጋጅ ሰው ምስጋና የለውም። ግንቡን ቢያሠራና ነፋሱ በዘመኑ ባይመጣ የሕዝብ ገንዘብ በድንጋይ ላይ አባከነ ተብሎ ይታማል። ነፋሱ ቢመጣና ግንቡ ቢያድን ደግሞ ያልሞተው ሰው ልሞት እንደ ነበረ አያውቅምና አያመሰግነውም። ሰጥሞ የዳነ ሰው ያዳነውን ስም እስከ ሞቱ ያስታውሳል፤ ሳይሰጥም የቀረ ሰው ግን የሚያስታውሰው ስም የለውም። የዚህ ሥራ ፍሬው የሚታየው ምንም ነገር ባለመሆኑ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ከሕዝብ ሳይሆን ከኅሊናው ለመቀበል የቆረጠ መሆን አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው ሁልጊዜ ጥፋትን እያሰበ ሊኖር አይችልም፤ ገንዘቡም ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤትና ለዕለት እንጀራ ይፈለጋል፤ ይህን ሁሉ ትቶ ከማይታይ ነፋስ ጋር ሲታገል ቢኖር ኑሮው ኑሮ አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የጋልቬስተን ሰዎች የረሱት ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም። መርሳት የኑሮ መድኃኒት ነው፤ ያለ እርሱ ከቀብር የተመለሰ ሰው እርሻውን ባላረሰም ነበር። እኛ የምንለው ግን ልብ ይፍራ አይደለም። ልብ እንዲረሳ ይፈቀድለት ዘንድ ሌላ ነገር ያስታውስለት ነው የምንለው። ሕግ፣ ግንብ፣ መዝገብና የማስጠንቀቂያ ደወል ሰው የሚረሳውን የሚያስታውሱ ናቸው። ግንቡ ቆሞ ሳለ ከኋላው ያለው ሰው ያለ ሥጋት ይተኛል፤ ፍርሃቱ ከልቡ ወጥቶ በድንጋይ ተጽፏልና።

አሁን ደግሞ ከነፋሱ በኋላ ወዳለው ጊዜ እንለፍ፤ በዚህም ሰው እንደ ገና ይመረመራልና። ነፋሱ በጋልቬስተን ሀብታምና ድኻ፣ ነጭና ጥቁር ሳይለይ ገድሎ ነበር። በማግሥቱ ግን ልዩነቱ ወዲያው ተመለሰ። ሬሳው በሺህ ስለሚቆጠር መቅበር አልተቻለም፤ በታንኳ ተጭኖ ወደ ጥልቁ ባሕር እንዲጣል ተወሰነ። ለዚህ ሥራ ጥቁር አሜሪካውያንን በጠመንጃ አስገድደው ወሰዷቸው፤ የሥራውን ሰቀቀን ይችሉት ዘንድም ውስኪ ይሰጧቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሙታን የነበሯቸው፣ የራሳቸውም ቤት የፈረሰባቸው ነበሩ። ባሕሩ ግን ሬሳውን መልሶ በዳር ጣለው። ከዚያ በኋላ ሬሳ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ በእሳት ይቃጠል ጀመር፤ ጭሱም ለብዙ ሳምንታት አልጠፋም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር ልዩ ሥቃይ ያለው ሆኖ ይታየናል። ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ አፈር ሳያለብሱ፣ እገሌ በዚህ አርፏል ብለው ሳያመለክቱ ወገናቸውን የሸኙት ሰዎች ኀዘናቸውን የት አኖሩት? የተረፈ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ለሞቱት ነው፤ ሌላው ገና ላልተወለዱት። የመጀመሪያውን ዕዳ የጋልቬስተን ሰዎች በሥርዓቱ ሊከፍሉት አልቻሉም። ሁለተኛውን ግን ከፈሉ፤ ምናልባት ለመጀመሪያውም ክፍያ የሆነው ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርዳታ ከየአገሩ ጎረፈ። የአሜሪካን ቀይ መስቀል ያቋቋሙት ወይዘሪት ክላራ ባርተን በ78 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ስፍራው መጡ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የርዳታ ጊዜ ግን አጭር ነው። ጋዜጦች ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ፤ የሰጠ እጅ ይደክማል፤ ያዘነ ልብም ወደ ራሱ ጉዳይ ይመለሳል። የከተማዋ እውነተኛ ፈተና የጀመረው የዓለም ዐይን ከእርሷ ላይ በተነሣ ጊዜ ነው። ጥለን እንሂድ ወይስ እንኑር? የኢንዲያኖላ ሰዎች ሄደዋል፤ በዚህም ሊነቀፉ አይገባም። የጋልቬስተን ሰዎች ለመኖር መረጡ፤ ሆኖም እንደ ቀድሞው ለመኖር አልመረጡም።

ሦስት መሐንዲሶች ተሾሙ። ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ሮበርት የተባሉት የጦር መሐንዲስ ነበሩ፤ እኒህም ሰው ጉባኤ የሚመራበትን የአሠራር ደንብ በመጽሐፍ አዘጋጅተው በአሜሪካ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ስብሰባ ከቃል ወደ ሥራ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ግንቡን ለማቀድ መመረጡ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ የፊተኛው ግንብ የቀረው በስብሰባ ላይ ነበርና። ሥራው በ1902 ተጀምሮ በ1904 የመጀመሪያው ክፍል ተፈጸመ፤ ቁመቱ ከአምስት ሜትር በላይ፣ ርዝመቱ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ግንብ ቆመ። ይህም አልበቃ አለ፤ ግንቡ ብቻውን ከቆመ ከተማዋ ከኋላው እንደ ሳህን ትቀራለች። ስለዚህ የከተማዋን ምድር ራሱን ከፍ ለማድረግ ቆረጡ። ከ2,000 በላይ ሕንጻዎች፣ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጭምር፣ በብሎን በሚዞር ክሪክ ጥቂት በጥቂት እየተነሡ ከሥራቸው ከባሕር የተቀዳ አሸዋና ውሃ በቧንቧ ተሞላ። ይህ እስከ 1910 ገደማ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ ከጭቃው በላይ በተዘረጋ የሳንቃ መንገድ ላይ ይመላለስ ነበር። ጨው ያለበት አሸዋ ዛፉን ሁሉ ስላደረቀው የከተማዋ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ዛፍና አበባ እንደ ገና ተከሉ። የግንቡ ሥራ በታሪክ መጻሕፍት ሲጻፍ የሴቶቹ ሥራ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ከተማን መኖሪያ የሚያደርገው ግን ጥላም ጭምር ነው።

በ1915 ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ተመልሶ መጣ። በከተማዋ ውስጥ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ግንብ ባልነበራቸው በአካባቢው ስፍራዎች ግን ብዙ ሰው አለቀ። ባሕሩ ያው ባሕር ነበር። ለውጡ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የተጀመረው የሰው ሥራ ነው። ይህን ስንል ጋልቬስተን ሁሉን አሸነፈች ማለታችን አይደለም። የንግዱ ታላቅነት ቀስ በቀስ ወደ ሂውስተን አለፈ፤ በ2008 አይክ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜም ውሃው ግንብ በሌለበት በጀርባዋ በኩል ገብቶ ብዙውን ክፍሏን አጥለቀለቀው። ግንብ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው፤ ልጁ ካልጠገነውና ካልጨመረበት ግን የአባቱ ኩራት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለባለጸጋ አገር የተቻለ ነው፤ ድኻ ሕዝብ ምን ያድርግ የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ለዚህ መልስ የምትሰጠን ባንግላዴሽ ናት። በ1970 ያ አገር ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በኅዳር ወር የመጣው ሳይክሎን ቢያንስ 300 ሺህ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ከዚያ በኋላ መንግሥቱና የቀይ ጨረቃ ማኅበር ሆነው ከመንደሩ ሰው መካከል ፈቃደኞችን እየመረጡ አሠለጠኑ። መሣሪያቸው ባንዲራ፣ በእጅ የሚዞር የማስጠንቀቂያ ደወልና ድምፅ ማጉያ ነበር፤ መጠለያዎችም ጥቂት በጥቂት ተሠሩ። ነገሩ ባንድ ጊዜ አልተሳካም፤ በ1991 ወደ 140 ሺህ የሚሆን ሕዝብ እንደ ገና አለቀ። እነርሱ ግን አልተዉትም። በ2007 ሲድር የተባለው ሳይክሎን በመጣ ጊዜ የሞቱት ወደ 3,400 ነበሩ። በ2020 አምፋን በመጣ ጊዜ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በዚያ አገር የሞቱት ጥቂት አሥሮች ናቸው። ይህን ያደረገው ሀብት ብቻ አይደለም። ፀሐያማ በሆነ ቀን የማንም ሕይወት አደጋ ላይ ሳይሆን ደወሉን የሚፈትን፣ አሮጊቲቱ በየትኛው ጎጆ እንደምትኖር መዝግቦ የሚይዝ የመንደር ፈቃደኛ ነው።

ከጋልቬስተን ሌሊት አንድ ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አንወድም። በባሕሩ ዳር ከነበሩት የፊተኞች መደዳ ቤቶች የወደቀው እንጨትና ድንጋይ በማዕበሉ እየተገፋ ተከምሮ እንደ ፎቅ ቤት የሚያህል ረጅም ጉብታ ሆነ። ከዚያ ጉብታ በስተኋላ የነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ የተረፉት እርሱ ማዕበሉን ስለ ሰበረላቸው ነው። የፊተኞቹ ጥፋት ለኋለኞቹ ግድግዳ ሆነ። የተረፈ ሁሉ፣ ያወቀው ወይም ያላወቀው፣ በሌላው ፍርስራሽ ጀርባ ቆሞ የዳነ ነው። ለምን እኔ ተረፍሁ ብሎ ራሱን የሚያሠቃይ ሰው መልሱን በዚህ ሊያገኝ ይችላል ብለን እናምናለን። መትረፍ በደል አይደለም፤ ጽድቅም አይደለም፤ ዕዳ ነው። ሚስተር ክላይንም ከዚያ በኋላ በነበራቸው ረጅም የሥራ ዘመን ዐውሎ ነፋስ ባሕርን እንዴት እንደሚያስነሣ ሲመረምሩ ኖሩ። የ1891ን ጽሑፍ መልሰው ሊያጠፉት አልቻሉም፤ ማንም የጻፈውን መልሶ ሊያጠፋ አይችልም። ሰው ሊያደርግ የሚችለው ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ በተሻለ ነገር መሙላት ብቻ ነው።

እኛስ? ሀሪኬን ወደ ደጋችን አይወጣም። ነገር ግን በ2006፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በድሬዳዋ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በላዩ ይመላለሳል፤ ይሸጣል፤ ይለውጣል። ደረቁ አሸዋ ለድሬዳዋ፣ ጸጥ ያለው ባሕር ለጋልቬስተን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ምንም አይሆንም ይላሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችን የምናውቀው ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ስለዚህ በቢሮው ሣጥን ውስጥ የድልድይ ጥገና፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ወይም የእህል መጠባበቂያ ጥያቄ የተቀመጠበት ሹም፣ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ ሣጥኑን ቢከፍት መልካም ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ስለ ወንዛቸውና ስለ ተራራቸው የሚነጋገር መምህር የታሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ነፍስ የማዳን ሥራም እየሠራ መሆኑን ይወቅ። ተማሪውም ነገ የሚያምኑት ብዙዎች እንደሚሆኑ አስቦ፣ «ምንም አይደርስም» ከማለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይመርምር፤ ከትንሽ ሰው አፍ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያም አይናቅ።

ነፋስ አይከሰስም ብለናል። ይህ ማለት ግን ክስ የለም ማለት አይደለም። መጥሪያው ለእኛ ይደርሰናል፤ የሚደርሰንም ማዕበሉ በተነሣበት ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ በወጣበት፣ ልጆችም በደጅ በሚጫወቱበት ቀን ነው።